ተማሪውን በቀኝህ አስቀምጥ

ሦስተኛውን መሳቢያ በኃይል ስትስበው ተነቅሎ ወጣና ጭኗ ላይ አረፈ። ውስጡ የደረቁ እስክሪብቶዎች፣ አንድ እጁ የተሰበረ መነጽር፣ ያገለገሉ ቴምብሮችና ሦስት ባዶ የጠብታ መድኃኒት ብልቃጦች አሉ። ወረቀት የለም።

«አልነገርኩሽም?» አሉ የፕሮፌሰሩ ሚስት በሩ ላይ ቆመው። በአንድ እጃቸው ሻይ ይዘዋል፣ በሌላው መቃኑን ተደግፈዋል። «እዚያ ውስጥ ከአቧራ በቀር ምንም የለም። አቧራውንም እኔ ነኝ የተውኩት።»

«አንድ መሳቢያ ነው የቀረኝ፣ እትዬ።»

«በዚህ አያያዝሽ ጠረጴዛውንም ፈታተሽ ነው የምትሄጂው።»

መምህርቷ ወለሉ ላይ ተቀምጣለች። ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ጉልበቷ ወለል ላይ መቀመጥን ካኮረፈ ቆይቷል። ኮሌጅ ውስጥ ድርሰትና የንግግር ጥበብ ስታስተምር ሠላሳ አንድ ዓመት ሆኗታል። ጠረጴዛው እሷን ያስተማሩት የፕሮፌሰሩ ነበር። እሳቸው ከሞቱ ስድስት ዓመት አልፏል። ዛሬ ረቡዕ ነው፤ እስከ ዓርብ ረፋድ አንድ ወረቀት ማግኘት አለባት።

ሰኞ ከዲኑ ቢሮ የመጣው ደብዳቤ ግማሽ ገጽ አይሞላም። የድርሰት ኮርስ በሳምንት አራት ሰዓት ይወስዳል፤ አንድ ክፍል የሚይዘው ሃያ ተማሪ ብቻ ነው። ኮርሱ ወደ ትልቁ አዳራሽ ገብቶ፣ በሳምንት ሁለት ሰዓት፣ ለሁለት መቶ ተማሪ በአንድ ጊዜ እንዲሰጥ ለሥርዓተ ትምህርት ኮሚቴው ሐሳብ ቀርቧል። አሁን ያለው አሠራር፣ ማለትም ተማሪው ጽሑፉን ሁለት ጊዜ ጮክ ብሎ ማንበቡና ጎረቤቱ የሰማውን መልሶ መናገሩ፣ በምን ጥናት ላይ እንደተመሠረተ ማስረጃ ካለ ይቅረብ። ከሌለ ዓርብ ይወሰናል።

ዲኑ ክፉ ሰው አይደለም። የራሷ ተማሪ ነበር። ደብዳቤውን በሰው አልላከም፤ ራሱ ይዞ መጣ።

«ቲቸር፣ እኔ እርስዎን አውቃለሁ» አላት። «ኮሚቴው ግን የሚያውቀው ወረቀት ነው።»

«ፕሮፌሰሩ የሆነ ቦታ ጽፈውታል።»

«እሱን ነዋ የምፈልገው። አንድ ገጽ ይበቃኛል።»

አዳራሹን ታውቀዋለች። ከኋላ የተቀመጠ ተማሪ የአስተማሪውን ፊት አይለይም። እዚያ ማንም ለማንም አያነብም።

ፕሮፌሰሩ ከመምጣታቸው በፊት ትምህርቱ እንደዚያ ነበር። አስተማሪው መድረክ ላይ ቆሞ የዘይቤ ዓይነቶችን ያስጽፋል፤ ተማሪው ይሸመድዳል። ተማሪው ይጽፋል፤ አስተማሪው በቀይ ቀለም ያደማዋል። ወረቀቱ ሲመለስ ተማሪው የሚያየው ከታች ያለውን ቁጥር ብቻ ነው። ቁጥሩን አይቶ አጥፎ ኪሱ ይከተዋል።

እሳቸው የመጡት እሷ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ሳለ ነው። ክፍሉ ከቤተ ሙከራው ጀርባ ነበር፤ መስኮቶቹ የብስክሌት ማቆሚያውን ያያሉ። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ በመስኮት ገብታ የፊተኛውን ረድፍ ታሞቀዋለች፤ ተማሪው ለወንበር የሚጋፋው ለትምህርቱ ብሎ ሳይሆን ለፀሐይዋ ብሎ ነው። ፕሮፌሰሩ ጠመኔ ኪሳቸው ውስጥ ስለሚከቱ የኮታቸው ኪስ ሁልጊዜ ነጭ ነው። ገቡ፤ ስማቸውን አልተናገሩም።

«ወንበራችሁን አንሱና ክብ ሥሩ» አሉ።

የወንበር ጫጫታው ሲያልቅ ዞር ዞር ብለው ቦታ መረጡ። አንድ ቀጭን ልጅ በቀኛቸው እንዲቀመጥ አደረጉና «አንብብ» አሉት። ልጁ ስለ ተሰረቀ ብስክሌቱ ነበር የጻፈው። የሚያነበው ለሸሚዙ ኮሌታ ነበር።

«ድገመው» አሉ ፕሮፌሰሩ።

ደገመው። ከመጀመሪያው አልተሻለም። እሳቸው ፊታቸውን አዙረው ክቡን ዳሰሱ።

«አንቺ፣ ባለ ሰማያዊ ሹራቧ። ምን አለ?»

ባለ ሰማያዊ ሹራቧ እሷ ነበረች። ድንጋጤዋን ዋጥ አድርጋ የሰማችውን ተናገረች። «ብስክሌቱን ሳይቆልፈው እንደሄደና ጥፋቱ የራሱ እንደሆነ ነው ያነበበው።»

«ኧረ እኔ እንደዚያ አልወጣኝም» አለ ልጁ። «ጥፋተኛው ዘበኛው ነው። አቤት ብለውም ዝም ነው ያለኝ።»

«ወረቀትህን እየው» አሉ ፕሮፌሰሩ።

ልጁ አየ። ገለበጠ። መልሶ አየ። «ለካ ዘበኛውን ጨርሶ አላነሳሁትም» አለ።

ክፍሉ ሳቀ። ፕሮፌሰሩ አልሳቁም። ልጁን አዩ፣ እሷን አዩ፣ ወረቀቱን አዩ። የጠፋባቸውን ነገር ሳይፈልጉት ያገኙ ሰው ይመስሉ ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ ክፍሉ ውስጥ ሌላ መንገድ አልነበረም። አንዱ ሁለት ጊዜ ያነባል፤ ጎረቤቱ የሰማውን ይነግረዋል፤ ባለወረቀቱ ያላለውንና ያለውን ለይቶ ቤቱ ይገባል። ቀይ ቀለም ቀረ።

በሳምንቱ ስም ወጣላቸው፤ «ጋሽ ድገመው»። ኮሪደሩ ላይ ብቅ ሲሉ አንዱ «ድገመው መጡ» ይላል፤ ሌላው «ምን አልክ?» ይለዋል፤ የመጀመሪያው ይደግምለታል። ከኋላቸው ቢስቁም ትምህርታቸው ላይ የሚቀር አልነበረም። የብስክሌቱ ልጅ በዓመቱ መጨረሻ ክፍሉን የሚያነቃንቅ ንባብ ያነብ ነበር።

ትምህርቱ ሲያልቅ አንዳንዴ እስከ አውቶቡስ ፌርማታው አብረው ይሄዳሉ። ፕሮፌሰሩ መንገድ በተሻገሩ ቁጥር ዞረው በግራዋ ይሆናሉ። ጨዋነት መስሏት ነበር። ባሏን ካገባች በኋላ እንኳ «እሳቸው እንኳን መንገድ ሲሻገሩ ቦታቸውን ያውቃሉ» እያለች ታስቀናው ነበር። «እኔ መኪና እንዳይገጨኝ ነው የማየው» ይላል እሱ።

በሃያ አራት ዓመቷ ረዳታቸው አደረጓት። በሃያ ሰባት ዓመቷ የራሷን ክፍል ያዘች። ተማሪዎቿ «ትንሿ ድገመው» አሏት፤ ደስ አላት። ሌሎቹም የእሳቸው ተማሪዎች አስተማሪ ሆነው በየኮሌጁ ተበተኑ፤ አሥራ አንድ ቦታ ድረስ ቆጥራለች። በእያንዳንዱ ክፍል ወንበሩ ክብ ነው፣ ንባቡ ሁለት ጊዜ ነው፣ ተማሪው በአስተማሪው ቀኝ ነው። ፕሮፌሰሩ ያሳተሙት አርባ ገጽ የተባዛ መመሪያ አንድ ብቻ ነው። ምን እንደሚደረግ ይናገራል። ለምን እንደሚደረግ አንድም መስመር የለውም።

ለምኑን ሌሎች ሞሉት። እሷ ራሷ ለአዳዲስ አስተማሪዎች ባዘጋጀችው ጽሑፍ ላይ «ተማሪውን በቀኝህ አስቀምጥ፤ ቀኝ የክብር ቦታ ነውና» ብላ ጻፈች። ሌላ ኮሌጅ ያለ የሥራ ባልደረባዋ ደግሞ ምክንያቱ የሚጽፈው እጅ ቀኝ ስለሆነ ነው አለ። በአንድ ጉባኤ ላይ ሁለቱ ግማሽ ቀን ተከራከሩ። ፕሮፌሰሩ ከፊት ተቀምጠው ፈገግ እንዳሉ ነበር። በመጨረሻ «ሁለታችሁም ጥሩ ተናግራችኋል» አሉ። ሁለቱም ያሸነፉ መሰላቸው።

አሁን አራተኛው መሳቢያም ባዶ ሆነ። መምህርቷ ጠረጴዛውን ተደግፋ ተነሳች።

«ለመሆኑ ምን የሚል ወረቀት ነው?» አሉ ሚስትየዋ ሻዩን እያቀበሏት። በሥራ ዘመናቸው አዋላጅ ነርስ ነበሩ፤ ሰው ሲጨነቅ ማየት አያስደነግጣቸውም።

«ለምን ሁለት ጊዜ እንደሚነበብ። ጎረቤት ለምን እንደሚደግም። ለምን በቀኝ እንደሚቀመጥ። እሳቸው ያለ ምክንያት የሚያደርጉት ነገር የለም፣ እትዬ። የሆነ ቦታ ጽፈውታል።»

ሴትዮዋ ከጠረጴዛው ማዶ ባለው አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ቀሚሳቸውን በጉልበታቸው ላይ አስተካከሉ።

«አይሰማም ነበር እኮ» አሉ።

«ማን?»

«እሱ ነዋ። በሠላሳ ሁለት ዓመቱ ጆሮውን ታሞ ግራው ጭራሽ ጠፋ። ቀኙ ግማሽ ነበር። እየቆየ ግማሹም ግማሽ ሆነ።»

መምህርቷ ሳቀች። ሴትዮዋ አልሳቁም። የእሷም ሳቅ ቆመ።

«ለማንም ትንፍሽ አላልኩም» አሉ ሚስትየዋ። «ሆድ ይፍጀው ብዬ ኖርኩ። ኮሌጁ ሲቀጥረው የጤና ወረቀት ጠይቆ ነበር። መስማት የማይችል አስተማሪ ማን ይቀጥራል? መሣሪያ አድርግ ስለው ጆሮ ዳባ ልበስ አለኝ። እሱ ሲል ደግሞ ያምርበታል። ‹ተማሪው ሁለት ጊዜ ካነበበልኝ፣ ሌላው ከነገረኝ፣ ሦስት ጊዜ ሰማሁ ማለት ነው፤ ከሦስቱ አንዱ አይጠፋኝም› አለ።»

«ቀኙስ?»

«ተማሪውን በግራው ብታስቀምጪው ለወንበሩ ነዋ የሚያነበው።»

«ጉባኤው ላይ... እኛ ግማሽ ቀን ስንከራከር...»

«ማታ መጥቶ፣ ‹ስለ እኔ ሲያወሩ ዋሉ መሰለኝ፤ አንድ ቃል አልያዝኩም፤ ግን ተጨብጭቦልኛል› አለኝ።» ሴትዮዋ አሁን ትንሽ ፈገግ አሉ። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ? የሱ ለሁሉም ባዳ ነበር።»

መምህርቷ ሻዩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። አንድ ጥያቄ ቀርቷታል፤ ላለመጠየቅ ትንሽ ታገለች።

«እኔንስ? ከዚያ ሁሉ ተማሪ ረዳት ያደረጉኝ...»

«ድምፅሽ ነዋ። ‹ይቺ ልጅ ስትናገር አንድ ፊደል አያመልጠኝም› ይል ነበር። ከወር በፊት አውቶቡስ ላይ ከኋላ ሆነሽ ስታወሪ ከፊት ሆኜ የሰማሁሽ እኔ እንኳ ምስክር ነኝ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ? ጨዋ ናትም ይል ነበር።»

እስከ በሩ ሸኟት። በሩ ላይ መምህርቷ ቆመች።

«ይሄን ብጽፈው ይከፋዎታል?»

«የደበቀው ሥራውን እንዳይቀሙት ብሎ ነው። አሁን ምኑን ይቀሙታል? የፈለግሽውን ጻፊ። ሌላ ነገር ፈጥረሽ ብትጽፊም እኔ አልመሰክርብሽም።»

አውቶቡስ አልያዘችም። አራት ፌርማታ በእግሯ ሄደች። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ከሃያ ተማሪ መካከል ለአእምሮዋ የተመረጠች ይመስላት ነበር። ጉሮሮዋ ነው የተመረጠው። ይህ አንድ ነገር ነው፤ ቆይቶ ያልፋል። የማያልፈው ሌላው ነው። ማስረጃ የለም። ጥናት የለም። ያለው አንድ የታመመ ጆሮና እሱን ለመሸፈን የተፈጠረ ዘዴ ነው። አሥራ አንድ ኮሌጅ ይህን ሸክም ተሸክሞ ሲዞር ኖሯል። ዘዴው የጆሮ ብቻ ከሆነ፣ በደንብ የሚሰማ አስተማሪ አራት ሰዓት አያስፈልገውም፤ ኮሚቴው ትክክል ነው።

ወይም ደግሞ መዋሸት ትችላለች። አንድ ገጽ በእሳቸው አጻጻፍ ማዘጋጀት አያቅታትም። ከማንም በላይ ታውቀዋለች።

ሐሙስ ጧት ክፍል ገባች። መስኮቱ ያው የብስክሌት ማቆሚያውን ያያል፤ አሁን ሞተር ሳይክል ነው የሞላበት። ዘዴውን ልትፈትን ወሰነች። የዘወትር ወንበሯን ትታ በር አጠገብ፣ ተማሪዋ በግራዋ በምትሆንበት በኩል ተቀመጠች።

«አንብቢ» አለቻት። «አንድ ጊዜ ይበቃል።»

ተማሪዋ ስለ እናቷ የልብስ ስፌት ማሽን ነበር የጻፈችው። ማሽኑ ለሃያ ዓመት መስኮት ሥር ቆሞ ሲኖር፣ የመርገጫው ድምፅ ለቤቱ ሰው እንደ ሰዓት ሲያገለግል፣ አንድ ቀን ጎረቤት መጥቶ ገዝቶ ወሰደው። ጥሩ ንባብ ነው። መምህርቷ ያለ አንዳች ችግር ሰማችው። እያንዳንዱ ቃል ገባት። እናትየዋ ዓይኗ ሲደክምና መርፌው ውስጥ ክር ማስገባት ሲያቅታት ታያት።

«በጣም ጥሩ» አለች። «የሚቀጥለው።»

አጠገባቸው የተቀመጠው ልጅ እጁን አወጣ። ወሬ ስለሚያበዛ «ሬዲዮ» ይሉታል።

«ቲቸር፣ እኔ ዛሬ አልደግምም እንዴ?»

«ዛሬ እረፍት ስጡት ተባለ» አለ ከወዲያ በኩል አንዱ።

«ድገም እስቲ» አለች መምህርቷ።

«እናቷ ወደ ጠባብ ቤት ስለገቡና ቦታ ስላጣች ማሽኑን ሸጠችው» አለ ሬዲዮ።

«ዓይኗ ስለደከመ አይደለም እንዴ?» አለች መምህርቷ።

ተማሪዋ ሁለቱን ተራ በተራ አየቻቸው። «እጇ ተሰብሮ ነው» አለች። «ጽፌዋለሁ እኮ።»

ወረቀቷን አየች። የመጀመሪያውን ገጽ፣ ቀጥሎ ሁለተኛውን። እጅ የሚል ቃል አንድም ቦታ የለም።

«ሆዴ ውስጥ ነበር» አለች። «ወረቀቱ ላይ የወጣ መስሎኝ።»

መምህርቷ ተነስታ የዘወትር ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። «ከመጀመሪያው ጀምረሽ ድገሚው» አለች።

ምሳ ሰዓት ላይ ቢሮዋን ዘግታ ጻፈች። የመጀመሪያውን ገጽ ጨርሳ ቀደደችው፤ ውሸት የለበትም፣ ግን ማባበል ነበረበት። ሁለተኛው አጭር ሆነ። ከመሃሉ እንዲህ ይላል፤

«ይህ አሠራር በጥናት ላይ አልተመሠረተም። የጀመሩት ሰው በደንብ አይሰሙም ነበር፤ ይህንንም ለኮሌጁ አልተናገሩም። ተማሪው በቀኝ የሚቀመጠው የሚሰማው ጆሯቸው የቀኙ ስለነበር ነው፤ እኔ በጽሑፌ የክብር ቦታ ነው ማለቴ ስሕተት ነው። በደንብ የሚሰማ አስተማሪ ተማሪው ያልጻፈውን ከራሱ እየሞላ ይሰማል፤ መሙላቱንም አያውቀውም። እሳቸው መሙላት ስላልቻሉ የጎደለው ጎድሎ ታየ። ዛሬ ጧት እኔ በጤነኛ ጆሮዬ የአንዲት ተማሪን እናት የዓይን ሕመምተኛ አድርጌያታለሁ። አዳራሹ ውስጥ ሁለት መቶ ተማሪ ይኖራል፤ ይህን የሚነግረኝ አንድም አይኖርም።»

ዓርብ ረፋድ ኮሚቴው ረጅሙን ጠረጴዛ ከበበ። ሰባት ሰዎች ናቸው፤ ዲኑ ሰብሳቢ ነው። መምህርቷ ጫፍ ላይ ወንበር ተሰጣት። ጸሐፊዋ ገጹን ፈጠን ብላ አነበበችው፤ ከእሱ በኋላ ስድስት አጀንዳ አለ። የፕሮፌሰሩ ጆሮ ጋ ስትደርስ አንድ ሁለት ሰው ቀና አለ።

ስታበቃ ሁሉም ወደ ዲኑ አየ። ቀድሞ የተናገረው የስታቲስቲክስ ክፍል ኃላፊ ነው። የአዳራሹን ሐሳብ ያቀረበውም እሱ ነበር።

«እንግዲህ እንዳልሳሳት» አለ። «ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በሳምንት አራት ሰዓት የሰጠነው ለአንድ ሰው ጆሮ ነው።»

«አዎ» አለች መምህርቷ።

አንድ ሰው ሳቁን በሳል ሸፈነ።

«ታዲያ እርስዎ ጆሮዎን ያምዎታል?»

«አያመኝም። ችግሩም እሱ ነው።»

ዲኑ እስክሪብቶውን እያሽከረከረ ወረቀቱን ያይ ነበር። ቀና ሳይል ጸሐፊዋን «ድገሚው» አላት።

ጸሐፊዋ ግራ ገባት። «ሙሉውን?»

ዲኑ ምን እንዳለ ያወቀው ያኔ ነው። ፊቱ ትንሽ ቀላ። ወደ መምህርቷ ግን አላየም። «ሙሉውን። ቀስ ብለሽ።»

ሁለተኛው ንባብ አራት ደቂቃ ወሰደ። የሳቀ የለም። ሲያልቅ ዲኑ ወደ ስታቲስቲክሱ ኃላፊ ዞረ።

«ምን ትላለች?»

«ሰማን እኮ።»

«እሱማ ሰማን። ምን ትላለች?»

ሰውየው ወንበሩ ላይ ተመቻቸ። «በደንብ የማይሰሙ አስተማሪ ነበሩ... ተማሪውን ስላልሰሙት ተማሪው ራሱን ሰማ። የሚሰማ አስተማሪ ግን...» ቆመ። መነጽሩን አወለቀ። «የሚሰማ አስተማሪ ያልተጻፈውን ጽፎ ይሰማል። ስለዚህ ሌላ ሰው መኖር አለበት ነው የምትለው።» መነጽሩን መልሶ አደረገ። «ይሄን ቅድም አልሰማሁትም። ቅድም የሰማሁት ደንቆሮ መሆናቸውን ብቻ ነው።»

«እኔም» አለች ከማዶ የተቀመጠችው የኬሚስትሪ አስተማሪ።

መምህርቷ ከክፍሉ እንድትወጣ ተጠየቀች። ኮሪደሩ ላይ አግዳሚው ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጣ ጠበቀች። ከውስጥ የሚሰማው ድምፅ ብዙ ነው፤ ቃሉ አይለይም። ለመለየትም አልሞከረች።

ድምፅ የተሰጠው ከሃያ ደቂቃ በኋላ ነው፤ አራት ለሦስት። የስታቲስቲክሱ ኃላፊ ከሦስቱ ጋር ነበር፤ ገብቶኛል ግን አዳራሹ ባዶ ነው አለ። ኮርሱ ወደ አዳራሽ አልገባም። ከአራት ሰዓት አንዱ ተቀነሰ፤ የአንድ ክፍል ተማሪ ከሃያ ወደ ሃያ አምስት ከፍ አለ። መምህርቷ በዓመቱ መጨረሻ በራሷ ፈቃድ ጡረታ ወጣች።